ያልተቆጠረችው የሺ

ፋንታው ልጁን የደበቃት ስለሚወዳት ነው። ኋላ ሰው ሁሉ ፈርዶበታልና ይህ አስቀድሞ ይታወቅለት።

ከገሳይ ከተማ በላይ ገብስና ድንች እያመረተ የሚኖር የአራት ልጆች አባት ነው። የመጨረሻዋ የሺ የመጣችው ሁለት ሕፃናት ተከታትለው ከተቀበሩ በኋላ ነበር። ገበያ ይዟት ሲወጣ እንኳ ፊቷን በጋቢው ይሸፍን ነበር። ታዲያ አምና በጥር የቀበሌው ሠራተኛ በላይነህ ለጤና መድን ሊመዘግብ መጥቶ፣ ጎረቤት ሁሉ ጆሮውን አቁሞ ሳለ፣ «አያ ፋንታው፣ ስንት ልጅ አለዎት?» ቢለው ክው አለ። በዚያ አገር ልጅና ከብት አይቆጠርም። ቆጥሮ ለሰው ዓይን የሚሰጥ ጅል ብቻ ነው።

«ሦስት» አለ ፋንታው።

ሚስቱ ካሰች አፏን ልትከፍት ስትል በዓይኑ ገሠጻት። በላይነህ ሦስት ስም ጽፎ፣ መዋጮውን ተቀብሎ፣ ደብተሩን ሰጥቶ ሄደ።

«ምነው አንተ ሰው! የሺን ከዓይን ስትሸሽግ ሌሎቹስ ልጆችህ አይደሉም?» አለችው።

«ሌሎቹ ጠንካሮች ናቸው» አለ። ይህም መልስ ተብሎ ነው።

ስሟ ሺ፣ ለአባቷ ግን አንድም ሳትሆን ቀረች።

ደብተሩ ደግሞ ሠራ። በክረምት ትልቁ ልጅ ይሻው ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ሲሰበር ደብረ ታቦር ታክሞ ተመለሰ፤ ከቤቱ አንዲት ዶሮ እንኳ አልተሸጠችም። ከዚያ ወዲያ ፋንታው ጠላ ቤት ተቀምጦ ስለ ጤና መድን ሲሰብክ ቄሱንም አስናቀ።

በኅዳር የሺ ሆዷን ይዛ ወደቀች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። የገሳይ ጤና ጣቢያ ትርፍ አንጀት ሳይሆን አይቀርም ብሎ ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ላካት። ፋንታው ልጁን ታቅፎ ደብተሩን በመመዝገቢያው መስኮት አቀበለ። መዝጋቢዋ ገለጠች፤ ደግማ ገለጠች።

«የሺ ፋንታው የምትባል የለችም።»

«ልጄ ናት እኮ!»

«ያስመዘገቡት ሦስት ልጅ ነው፣ አባቴ። እሷን ለምን ተዉአት? ገንዘብ ፈርተው ከሆነ፣ ከዐሥራ ስምንት ዓመት በታች ላለ ልጅ ጭማሪ አይከፈልም። በዚያችው መዋጮ ትታከም ነበር።»

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው። ፋንታው ደብተሩን መልሶ ተቀበለ። የሺ ከትከሻው ላይ ቀና አለች። ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ የተባለውን ሁሉ ሰምታለች።

«አባየ፣ እኔ ልጅህ አይደለሁም?»

ስለምወድሽ ካድሁሽ ተብሎ ለልጅ እንዴት ይነገራል? «ዝም በይ፣ ያምሻል» አላት።

ሐኪሞቹ ጊዜ ሳያጠፉ ቀደዷት፤ ዳነች። ቁስሉ ግን አመርቅዞ ሦስት ሳምንት አስተኛት፤ መድኃኒቱም ከውጭ የሚገዛ ሆነ። ቦራ የሚባለው በሬ ተሸጠ። አንድ በሬ ደግሞ ብቻውን አያርስም። ፋንታው በዚህ ዕድሜው የቀረውን በሬ ከሰው በሬ ጋር ሊያቀናጅ ደጅ ይጠና ጀመር። ይህንስ ቻለው። ያልቻለው የልጅቱን ዝምታ ነው። ከሆስፒታል ከወጣች ጀምሮ አባየ ብላው አታውቅም።

ጥር ሲብት በላይነህ ደብተር ሊያድስ መጣ። ጎረቤት እንደ ልማዱ ተሰበሰበ። ፋንታው ብድግ አለ። የፈለገው ዓይን ይብላው ብሎ፣ ማዶ እስኪሰማ ጮኸ።

«አራት! አራት ልጆች አሉኝ! ከየሺ ጀምርልኝ!»

እንባው መጣ። በላይነህ አንገቱን ደፍቶ ብዕሩን አዘጋጀ፤ ከዚያ በሩ ላይ ወደቆመችው ልጅ ዞረ።

«ሙሉ ስምሽ ማነው?»

በዚያ አገር በእናቱ ስም የሚጠራ ልጅ አባት የሌለው ነው። የሺም ይህን ታውቃለች።

«የሺ ካሰች» አለች።