የአርባ ሰባት ቁጥር ሣጥኖች

ስድስት ዓመት ሩቅ አገር ተምሬ ስመለስ አባቴ የሰጠኝ ሥራ ሣጥን መቁጠር ነበር። ወረቀትና እርሳስ አስያዘኝና በፍሬ ለቃሚዎቹ ፊት፣ «ፕሮፌሰር፣ እስከ ሃያ መቁጠር አስተምረውሃል?» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። እርሻችን ባለበት ሁዮን ሸለቆ ልቅር ወይስ እንደገና ልሂድ የሚለውን ገና ስላልወሰንኩ ግን ቀልዱ ቆጥቆጥ አደረገኝ።

ቼሪ የሚባለው ቀይ ፍሬ ሲደርስ የአውስትራሊያዋ ደሴት ታዝማኒያ በሻንጣ አዛዮች ትሞላለች። ሻንጣቸውን አዝለው፣ አለዚያም አሮጌ መኪና በደቦ ገዝተው አገር ላገር የሚዞሩ ወጣቶች ናቸው። አንዱ እርሻ ላይ ሦስት ሳምንት፣ ሌላው ላይ አንድ ወር ይሠሩና ድንኳናቸውን ነቅለው ይሄዳሉ። ሦስት ወር እርሻ ላይ የሠራ የሁለተኛ ዓመት ቪዛ ይሰጠዋል። ሶሌዳድ ወደ እኛ የመጣችው ሦስት ወሩን ለመሙላት አሥራ ሁለት ቀን ሲቀራት ነበር። የአርጀንቲና ልጅ ናት። ከኛ በፊት ሰሜን አውስትራሊያ ማንጎ ለቅማለች፣ ዱባ ጭናለች። ያላት ቪዛ የሚያበቃው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። የኛ ቼሪ ደግሞ በሸለቆው ካሉት ሁሉ መጨረሻ የሚደርሰው ነው። ከኛ ከተባረረች ሌላ እርሻ አታገኝም፤ ወደ አገሯ ነው የምትመለሰው።

አባቴ ሁለት ሕግ አለው። በሦስተኛው ቀን ሃያ ሣጥን ያልሞላ ይሰናበታል። ጉጥ የገነጠለ ደግሞ ስንተኛ ቀኑም ቢሆን እዚያው ይሰናበታል። ጉጥ ማለት የቼሪው ጭራ ከቅርንጫፉ የሚጋጠምባት፣ ጥፍር የምታህል እብጠት ናት። የከርሞ ፍሬ የሚወጣው ከሷ ነው። አባቴ፣ «የዘንድሮውን ልቀም አልኩህ እንጂ የከርሞውን አልሰጠሁህም» ይላል።

ሶሌዳድ በመጀመሪያው ቀን ዘጠኝ ሣጥን ሞላች። በሁለተኛው ቀን አሥራ አራት።

በሦስተኛው ቀን እንደ ወትሮው ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጀመርን። ፀሐይ ስትከር ፍሬው ስለሚላሽቅ ሰባት ሰዓት ላይ እናቆማለን። ከሶሌዳድ ጎን ባለው ረድፍ ዶናል የሚባል አየርላንዳዊ ይለቅማል። አፈ ጮሌ፣ እጀ ፈጣን ልጅ ነው። አራት ሰዓት ገደማ ሣጥን ልመዘግብ ስመጣ፣ ዶናል ከራሱ ሁለት ሣጥኖች ላይ የራሱን የቁጥር ካርድ አንስቶ አርባ ሰባት የተጻፈበትን ሲያስቀምጥ አየሁት። አርባ ሰባት የሶሌዳድ ቁጥር ነው። እሷ ከዛፉ ወዲያ መሰላል ላይ ስለነበረች አላየችም። ዶናል ግን እንዳየሁት አይቶ በዓይኑ ጠቀሰኝ። ሻንጣ አዛዮች እንዲህ ይረዳዳሉ፤ አዲስ ነገር አይደለም። ሁለቱን ሣጥኖች በአርባ ሰባት ስም ጻፍኩ። ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ስድስት ሰዓት ከአሥር ሲል አባቴ በትራክተር መጣ። ሣጥን ሳያይ አያስጭንም። አንዱ ውስጥ እጁን ሰደደና ፊቱ ተለዋወጠ።

«አርባ ሰባት ማነው?»

ሶሌዳድ የመልቀሚያ ባልዲዋ ደረቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ወረደች። «እኔ ነኝ አለቃ።»

መዳፉን ዘረጋላት። ሦስት ጉጥ ነበረበት። «ይሄ ምንድነው?»

ጎንበስ ብላ ሣጥኑን በጣቷ ገላለጠች፤ ቀጥሎ ያለውንም። «እነዚህ ሁለት ሣጥኖች የኔ አይደሉም።»

«ካርዱ ያንቺ ነው።»

«ካርዱስ የኔ ነው። እኔ ግን እንዲህ አልለቅምም።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ፕሮፌሰር፣ ስንት ይላል?»

«ሃያ» አልኩ።

«አሥራ ስምንት ነው» አለች ሶሌዳድ። «እያንዳንዱን ቆጥሬያለሁ።»

«እነዚህ ከወጡ ሃያ አትሞዪም እኮ፤ ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል።»

«ታዲያ የማን ናቸው?»

ወደ ዶናል ረድፍ አንዴ አየት አደረገችና መሬት መሬት ማየት ጀመረች። «ሲቀመጡ አላየሁም። ያላየሁትን አልናገርም።»

«ባለቤት ከሌላቸው ያንቺ ናቸው። ባልዲውን አውርጂ።»

ማንገቻውን መፍታት ጀመረች። ዝም ብል ከዶናል በቀር የሚነቃብኝ አልነበረም።

«እኔ አይቻለሁ» አልኩ።

«ምን አየህ?»

ሳልመልስ ዶናል ከዛፉ ዘሎ ወረደ። «የኔ ናቸው አለቃ። ልጅዎን ይተዉት። ለሁለት ሰው ስለቅም እጄ ቸኮለ።»

«ለሁለት ሰው ስትበላ ግን አትቸኩልም» አለ አባቴ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሱ አልሳቀም። «አባርርህ ነበር፣ ግን በራስህ አፍ ተናግረሃል። ከዛሬ ጀምሮ ዛፍ እንዳትነካ። ሣጥን ትሸከማለህ፤ ሣጥን ጉጥ የለውም።»

ሶሌዳድ ዶናልን አልተቆጣችውም። የዞረችው ወደ እኔ ነው። «አይተህ ነው የጻፍከው?»

«ልረዳሽ ብዬ…»

«ማን ለመነህ? ሰሜን ከማንጎው ጭራ የሚፈሰው ወተት ፊቴን ሲያቃጥለው ማን ጻፈልኝ? እያንዳንዷን ቀን በገዛ እጄ ነው ያገኘኋት። አንተ ጥላ ስር ቆመህ ሁለት ሣጥን ትመጸውተኛለህ?»

ወረቀቱ ላይ ሃያውን ሰርዤ አሥራ ስምንት ጻፍኩ።

አባቴ ሰዓቱን አየ። «ስድስት ሰዓት ከሩብ። ሥራ የሚቆመው በሰባት ነው።»

«ሁለት ሣጥን» አለች።

«ሁለት። አንዲት ጉጥ ካየሁ ግን…»

«አያዩም።»

ማንገቻዋን መልሳ አጠበቀችና ዛፉን አንዴ ዞረችው። ከዚያ ቀደም መሰላሉን በየቅርንጫፉ ስትጎትት ነበር የምትውለው፤ አሁን ግን ፍሬው የተጨናነቀበትን ለይታ አንድ ቦታ ተከለችው። አውራ ጣቷን ከጭራው ሥር አስገብታ ወደ ላይ ጠምዘዝ፣ ወደ ባልዲ፤ እንደገና ጠምዘዝ። አልቸኮለችም፤ አላረፈችም። ረድፋቸውን የጨረሱት እየመጡ ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ዶናል መሰላሉን ሊያዛውርላት ተጠጋ።

«እጅህን ሰብስብ!»

«መሰላል መግፋት ለቀማ አይደለም እኮ፣ እህቴ።»

«ሂድ ሣጥንህን ተሸከም!»

«ተባረርኩ» አለ ዶናል፤ ሁሉም ሳቁ። ከተቀመጡት አንዱ ደቂቃ መቁጠር ሲጀምር አባቴ፣ «ዝም በል፣ አውራ ዶሮ አይደለህም» አለው።

አሥራ ዘጠነኛው ሲሞላ ሃያ ሁለት ደቂቃ ቀርቶ ነበር። የመጨረሻውን ባልዲ ቀስ ብላ ገለበጠች፤ ሣጥኑ እስከ አፉ ሞላ። አባቴ ተንበርክኮ ፍሬውን ከታች እስከ ላይ በእጁ ፈተሸ። ጭራ ያልያዘ ቼሪ አልነበረም፤ ጉጥ የያዘ ጭራም አልነበረም። አባቴ ሣጥን ተሸክሞ አያውቅም፤ ይህንን ግን ራሱ አንስቶ ትራክተሩ ላይ ጫነው።

«ጻፍ» አለኝ።

ሃያ ብዬ ጻፍኩ። በአባቴ ኮራሁ፣ በእሷም ኮራሁ፤ ከተመለስኩ ወዲህ በዚያ እርሻ መኩራቴ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ስንት ደቂቃ ይቀራል?» አለች ሶሌዳድ።

«አራት» አለ አባቴ። «ሞልተሻል እኮ። ቁጭ በይና ውሃ ጠጪ።»

ባዶውን ባልዲ አንጠልጥላ መሰላሉን መልሳ ወጣች።

አባቴ ሽቅብ አያት። ከዚያ እጁን ዘረጋልኝ፤ ወረቀቱንና እርሳሱን ሰጠሁት። «ቆጠራውን ራሴ እይዛለሁ። ነገ ባልዲ ታንጠለጥላለህ።»

«ስንት ሣጥን?»

«እንደ ሰው ሁሉ።»

«ማንም አይጨምርልህም!» አለች ሶሌዳድ ከቅጠሉ መሀል። ሣሩ ላይ ያሉት አውካኩ፤ እሷም ስትስቅ ሰማኋት፣ እጇ ግን ለቀማውን አላቆመም።