እርሾ የነካ አፍ

ፋሲካችን ሰባት ቀን ነው። በሰባቱ ቀን እርሾ ያለበት ነገር ከቤታችን አይገባም፣ ከአፋችን አይደርስም። አባቶቻችን ከግብጽ ሲወጡ ሊጡ እስኪቦካ የሚጠብቁበት ጊዜ አልነበራቸውም፤ ስለዚህ ቂጣ እንበላለን። በዚያ ሰሞን የቦካ የበላ ከወገኑ ይቆረጥ ይላል ኦሪት። እኔ ሸክላ ሠሪዋ አገኘሁሽ ይህን ከእናቴ ጡት ጋር ነው የጠጣሁት፤ ስለ ቂጣ የሚያስተምረኝ ሰው አልፈልግም።

በ1952 ዓ.ም. ደሃና ውስጥ አራት ጎጆ ቤተ እስራኤሎች ነበርን። ባሌ ዋሴ ብረት ቀጥቃጭ ነው። የአካባቢው ማረሻ ሁሉ ከእጁ የወጣ ነው፤ ቀን ማረሻ ያሠሩታል፣ ሲመሽ ጅብ ይሆናል ብለው ያሙታል። ሐሜቱን ለምደነው ነበር።

በፋሲካችን ሦስተኛ ቀን፣ እነሱም ሕማማት ላይ ሳሉ፣ የባለመሬታችን የገብረ ሊባኖስ ልጅ ታይቱ ታመመች። አረፋ ደፈቀች፣ ጮኸች፣ ማን በላሽ ቢሏት ቀጥቃጩ አለች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ረፋድ ላይ ሠላሳ የሚሆኑ ወንዶች ልጅቱን በቃሬዛ ተሸክመው፣ ዱላቸውን ይዘው ደጃችን መጡ። የሦስቱ ጎጆ ሰዎች ሁካታውን ሲሰሙ ልጆቻቸውን አንጠልጥለው ወደ ገደሉ ሸሹ። አልፈረድኩባቸውም፤ ልጅ ቢኖረኝ እኔም እሸሽ ነበር።

የሰፈሩ ደንብ እንዲህ ነው፦ ቡዳ የተባለ ሰው ከታማሚዋ እንጀራ ቆርሶ ያኝካል፣ ግማሹን ይውጣል፣ ግማሹን ፊቷ ላይ እንትፍ ይላል፤ ያን ጊዜ ትለቀቃለች። ገብረ ሊባኖስ እንጀራውን ዘረጋለት። በደንብ የቦካ የገብስ እንጀራ ነበር። ዋሴ እጁን ወደ ኋላ አደረገና ከአራት ቀን በኋላ ይምጡ፣ የፈለጉትን አኝካለሁ አለ። አራት ቀን የምትቆይ መሰለህ ብለው ጀርባውን በዱላ አሉት። እኔ ሮጬ ከሰፌዱ ቂጣ አመጣሁ፤ እህል እህል ነው፣ ይህን አኝኮ እንትፍ ይበልባት ብዬ ለመንኩ። ገብረ ሊባኖስ ቂጣውን ከእጄ መትቶ አፈር ላይ ጣለው። በፈላሻ እህል ልጄን አላረክስም አለ። እኛ የእነሱን አንቀምስ፣ እነሱ የእኛን አይቀምሱ፤ መሀል ላይ የቀረው የባሌ አጥንት ነው።

ወደ ገዛ መስፉ፣ ብረት ወደሚቀጠቅጥበት፣ ጎትተው ቀኝ እጁን አጋደሙበት። መዶሻውም የራሱ ነበር። ሲመቱት የደረቀ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማው ድምፅ ተሰማ። ትበላለህ አሉት። አልበላም አለ። ግራውን ደገሙት፤ ጣቶቹ ጣት መሆናቸው ጠፋ። አሁንም አልበላም አለ። ተናደድኩበት፤ እውነቴን ነው፣ ከመቺዎቹ ይልቅ በእሱ ተናደድኩ። ጭንቅላቱን ወደ መስፉ መጎተት ሲጀምሩ እግሬ ሳያማክረኝ ተነሣ።

"እሱን ይተዉት፣ አያ ገብረ ሊባኖስ" አልኩ። "ልጅዎን የበላኋት እኔ ነኝ።"

መዶሻው ከፍ እንዳለ ቆመ። እንጀራውን ተቀብዬ ቆረስኩ፣ ጎረስኩ፣ አኘክሁ። ጠላሁት ብል ውሸት ነው፤ ከሦስት ቀን ቂጣ በኋላ ጣፈጠኝ፣ ማፈሬም ለዚያ ነው። ግማሹን ውጬ የቀረውን ታይቱ ፊት ላይ እንትፍ አልኩ። ልጅቱ በረጅሙ ተነፈሰችና ውሃ ጠየቀች። ብትሞት ገዳይ ነኝ፤ ብትድን ቡዳ ነኝ። ቡዳ ሲሞት የበላውን ይዞ ይሄዳል ስለሚባል አልገደሉኝም። ሲሄዱ ግን በአጠገቤ ያለፈው ሁሉ መታኝ፤ ሁለት ጥርሴ ወለቀ።

እርሾ ውጬ ቂጣ ካለበት ቤት መግባት አልቻልኩም። ሴቶች የወር አበባ ሲመጣብን ወደምንገለልባት ጎጆ ሄድኩና በዙሪያዋ ከተደረደረው ድንጋይ ውስጥ ተቀመጥኩ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዋሴ መጣ። የባዕድ እጅ ነክቶታልና ወንዝ ገብቶ ታጥቧል፤ ልብሱ ከላዩ ላይ ይንጠባጠባል። የቂጣውን ሰፌድ በሁለት ክንዱ አቅፎ ከድንጋዩ ማዶ ቁጭ አለ። ከጥዋት ጀምሮ አፉ እህል አልነካም። ቂጣውን በክንዱ ሊያነሣ ሞከረ፤ ወደቀበት። እንደገና ሞከረ።

"አጉርሺኝ" አለ።

ድንጋዩን አልፌ ባጎርሰው እሱም እንደ እኔ ይረክሳል፣ እንደ እኔ ይቆረጣል። አውቆ ነው የጠየቀኝ፤ ብቻዬን ሊተወኝ አልፈለገም። እኔም ላጎርሰው ከምንም በላይ ፈለግሁ።

"እጅህ የተሰበረው ለዚች ቂጣ ነው" አልኩት። "አላጎርስህም።"

ከዚያ ጎንበስ አለና አፉን ሰፌዱ ላይ አድርጎ እንደ ከብት በላ። እያለቀሰ በላ፤ እኔም ተነሥቼ ወደ እሱ እንዳልሄድ ድንጋዩን ጨብጬ፣ እስኪጨርስ አየሁት።