ዘንጉን ያዝልኝ

«ጃኬቱን አውልቆ ያለበሰህ እሱ ነው፤ አይደል እንዴ ዴል?» አለች እናቱ ኦፓል፣ ሳሎኑን የሞላው ለቀስተኛ ሁሉ እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ።

ዴል የያዘውን ቡና አየ። ቀዝቅዟል። ምግብ ይዘው የመጡት ጎረቤቶች፣ ከሶፋው ጫፍ የተቀመጡት ፓስተር ግሪር፣ ሁሉም አፍ አፉን ያዩታል።

«አዎ እማ» አለ።

«አዩ ፓስተር? ልጄ ሮይስ እንዲህ ነበር። ተንሳፋፊ ጃኬቱን ሰጥቶ፣ ሞቶ፣ ይሄንን አተረፈልኝ።» «ይሄንን» ስትል ዴልን በአገጯ ጠቆመችው፤ ከገበያ ተሳስተው የገዙትን ዕቃ ለቤተሰብ እንደሚያሳዩት።

ሮይስ ከመስጠም የሚያድነውን ጃኬት ለማንም አልሰጠም። ተቀምጦበት ነበር።

ሮይስ የሰጠመበት ቀን የየካቲት ብርድ ነበር። በኩሳ ወንዝ ላይ ዝናቡ ከንጋት ጀምሮ አላባራም ነበር። ባስ የሚሉት ዓሣ በብርድ ጊዜ ሰነፍ ነው፤ ወራጁን ውሃ ሸሽቶ ከሰመጠ ግንድ ሥር ይተኛል፤ ማጥመጃው አፍንጫው ሥር ካልተጎተተለት አፉን አይከፍትም። ሮይስ ይህን ያውቃል። በአካባቢው እሱን የሚስተካከል ባስ አጥማጅ የለም ይባላል፤ አብዝቶ የሚለው ግን ራሱ ነው።

«ወንበሩ ረጥቧል» ብሎ ጀልባዋ ውስጥ ጃኬቱን አነጠፈና ተቀመጠበት። ታናሽ ወንድሙ ዴል የራሱን ሲቆልፍ አይቶ ሳቀ። «ልበስ፣ ልበስ። የእማ አሻንጉሊት እንዳይረጥብባት።»

ዴል ጀልባዋን ከዳር ገፋ። ዕድሜውን ሙሉ ጀልባ የሚገፋው፣ የተወሳሰበ ክር የሚፈታው፣ ሮይስ ትልቅ ዓሣ ይዞ ሲነሳ ካሜራ የሚይዘው እሱ ነው። ልጆች ሳሉ አንድ ጊዜ ከወንድሙ ዓሣ የሚበልጥ ባስ አወጣ። ሮይስ መንጠቆውን ከዓሣው አፍ ነቀለና ዓሣውን ወደ ወንዙ መለሰው። «ማንም አላየም» አለው። «ስለዚህ አልያዝክም።»

ያን ቀን ሮይስ ቆሞ ማጥመጃውን ሲወረውር ጀልባዋ ውሃ ውስጥ የተደበቀ ግንድ መታች። ወደቀ። ወዲያው ብቅ አለ፤ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል፤ ካፖርቱና ቦት ጫማው ወደ ታች ይጎትቱታል። ቀኝ እጁን ወደ ዴል ዘረጋ። እጁ ላይ የሚሳሳለት የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ አለ።

«ዘንጉን ያዝልኝ» አለው።

ዴል ያዘለት። ሲታዘዝ የኖረ ሰው አያመዛዝንም። ዘንጉን በጥንቃቄ ጀልባዋ ውስጥ አጋድሞ እጁን ቢሰድ፣ ውሃው ላይ የቀረው ዝናቡ ብቻ ነበር። ጠላቂዎች አስከሬኑን ያወጡት በማግስቱ ነው።

ሮይስ ሰው እንዲሰናበተው በተከፈተ ሣጥን ውስጥ በተጋደመ ቀን፣ ሚስቱ ዋንዳ ዴልን አስከሬኑን ባሰናዳው ቀብር ቤት ኮሪደር ላይ ያዘችው።

«ሮይስ ጃንጥላ እንኳ አጋርቶኝ አያውቅም» አለች በሹክሹክታ። «ጃኬቱን ሰጠህ ነው የምትሉኝ?»

«እማ ናት ያለችው።»

«አንተስ ምን አልክ?»

«አዎ አልኩ።»

«አዎ ለማለት ነው አንተ የተፈጠርከው» አለችና ትታው ገባች።

ይህ ቆረቆረው። እናቱ የአበባዎቹን ጥብጣብ ስታስተካክል ብቻዋን አገኛት።

«እማ፣ የጃኬቱን ነገር እውነቱን ልንገርሽ።»

«ተቀምጦበት ነበር» አለች፣ ሳትዞር።

«እንዴት አወቅሽ?» አለ ዴል።

«የወለድኩትን አላውቀውም? መቀመጫው እንዳይረጥብ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚያደርገው።»

«ታዲያ ለምን ሰው ፊት ጠየቅሽኝ?»

«የሚቀበር ሰው አንድ ደግ ሥራ ያስፈልገዋል። እሱ አልነበረውም። አንተ በሕይወት አለህ፤ ከፈለግህ ሌላ ትሠራለህ።» ጥብጣቡን ጠበቅ አድርጋ አሰረችው። «ምርጫው ለእኔ ተሰጥቶ ቢሆን ደግሞ፣ ማንኛችሁ ዛሬ እዚህ ቆሞ እንደሚያወራኝ ታውቃለህ።»

«ሌላም ነገር አለ እማ። ሲወድቅ—»

«አልሰማህም» አለች። «ሌላው የራስህ ነው። ይዘኸው ኑር።»

ፓስተሩ ሊጸልዩ ሰውን ወደ አዳራሹ ሲጠሩ ዴል ከሣጥኑ ዘንድ ቀረ። የሮይስ እጆች ደረቱ ላይ ተደራርበዋል። ባስ የሚያጠምድ ሰው ዓሣውን የሚያነሳው አውራ ጣቱን ዓሣው አፍ ውስጥ ከትቶ፣ የታችኛውን መንጋጋ ይዞ ነው፤ ደቃቅ ጥርሶቹ ቆዳውን እንደ ሞረድ ይፍቁታል። ጥሩ የዋለ አጥማጅ በአውራ ጣቱ ይታወቃል። የሮይስ አውራ ጣት ግን የሕፃን ይመስል ለስልሷል። የቀብር ቤቱ ሰዎች ቀለምና ፓውደር ቀብተው ጭረቱን ደፍነውታል።

ዴል ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ። ማንም የለም። የራሱን ጣት በምራቁ አርሶ፣ የቀዘቀዘውን አውራ ጣት ቀስ እያለ ይጠርግ ጀመር፤ ጭረቶቹ አንድ በአንድ ብቅ እስኪሉ ድረስ።