አሮጌውና አዲሱ ሸክላ

እኔ ጆሮ አለኝ። ሰው ሁሉ ጆሮ አለው እንዳትሉኝ፤ የናንተ የመነጽር መስቀያ ነው። እኔ ፎቅ ላይ ሆኜ ምድር ቤት የወደቀ ሳንቲም የትኛው እንደሆነ እነግራችኋለሁ። ትምህርት ቤት ብዙም አልቆየሁም፤ በቆየሁበት ጊዜ ግን መምህሩ ጀርባውን ሰጥቶ ሲጽፍ ማን እንዳንሾካሾከ የሚጠይቀው እኔን ነበር። ብቻ እኔ ተሳስቼ ሰምቼ አላውቅም።

የምንሠራው የሙዚቃ ሸክላ ማተሚያ ቤት ነው። እማዬ ቀራጭ ናት። ሙዚቃውን ከድሮ የቴፕ ክር እያጫወተች በመርፌ ሳህን ላይ ትቀርጸዋለች፤ ከዚያ ላይ የብረት ቅርጽ ይወጣል፤ በሱ ሸክላው ይታተማል። እኔ የታተመውን በወረቀት ልባሱ ውስጥ እከታለሁ። አለቃችንን በሌለበት ጋሽ ምላጭ እንለዋለን፤ ፊቱም ንግግሩም የተላጨ ነው።

ያን ሰሞን ጋሽ ምላጭ እማዬ ላይ ጥርሱን ነክሶ ነበር። ሁለት ሥራ ተመልሶባታል። ሦስተኛው ከተመለሰ መቅረጫውን ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ፊት ለፊት ነግሯታል። ሦስተኛው ደግሞ የዋዛ አልነበረም። ከአርባ ዓመት በፊት የወጣ የክላሲካል ፒያኖ ሸክላ ነው፣ እንደገና ሊታተም። የተጫወቱት ሴትዮ በሕይወት አሉ፤ እሳቸው ሰምተው ካልፈረሙ አንድም ሸክላ ከግቢው አይወጣም።

መጡ። አጭር፣ ከዘራ የያዙ፣ ካፖርታቸውን ያውልቁ ቢባሉ እምቢ ያሉ ሴትዮ። እማዬ ወንበር ሳበችላቸው። ከዚያ ያንኑ ወንበር ደግማ ሳበችው።

«ተረጋጊ» አልኳት በጆሮዋ።

«አንቺ አፍሽን ያዢ። ዛሬ ብቻ። ስሞትልሽ።»

«ምን አልኩ?»

«እስካሁን ምንም። እሱን ቀጥይበት።»

መጀመሪያ አሮጌው ተጫወተ። ያን ሸክላ ከእናቴ ጡት ጋር ነው የጠባሁት። እማዬ ልብስ ስታጥብ እሱ፣ ስትተኩስ እሱ። አንዲት ወፍራም ሴትዮ መደገፊያውን ይዛ ቀስ እያለች ደረጃ የምትወርድ የሚመስል ሙዚቃ ነው። ሲያልቅ እማዬ በዚያው ማጫወቻ ላይ አዲሱን አስቀምጣ መርፌውን አወረደች።

ገና በመጀመሪያው ድምፅ ጆሮዬ ቆመ።

ቀጥኗል። ፈጥኗል። ብዙ አይደለም፤ ሌላ ሰው ላይሰማው ይችላል። ግን ያቺ ወፍራም ሴትዮ ከስታ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ደረጃውን ትወርደዋለች! እማዬን አየኋት፤ ወለሉን ታያለች። ጋሽ ምላጭን አየሁት፤ ሴትዮዋን ያያል። ሴትዮዋን አየኋቸው፤ ግንባራቸው ተቋጥሯል። አሮጌው ሲጫወት ጉልበታቸው ላይ ይንቀሳቀስ የነበረው ጣታቸው ቆሟል።

ሰምተዋል። አለቀልን።

ምላሴን ነክሼ ያዝኩት። እውነቴን ነው፣ ይዤው ነበር። ሴትዮዋ ግን ሙዚቃው ሳያልቅ ቦርሳቸውን አንስተው ከፈቱ። ሊሄዱ ነው! እሳቸው ሄዱ ማለት እማዬ መቅረጫዋን አስረከበች ማለት ነው። ጥፋቱን ቶሎ ብዬ መቅረጫ ማሽኑ ላይ ካልለጠፍኩት እሷ ላይ ይለጠፋል ብዬ አሰብኩ። ካሰብኩ ማለት ነው እንግዲህ።

«የማሽኑ ጥፋት ነው!» አልኩ። «ፈጥኗል! ሞተሩ አርጅቷል፣ ጋሼ ደግሞ አሠራው ሲባል አያሠራም! እማዬ ምንም አላደረገችም!»

እማዬ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ መርፌውን አነሳች።

«ምኑ ነው የፈጠነው?» አለ ጋሽ ምላጭ።

«ምንም» አልኩ። ምን ዋጋ አለው።

«አጫውቺው» አላት እማዬን። አሮጌውን። አዲሱን። ደግሞ አሮጌውን፣ ደግሞ አዲሱን። እሱ ስልኩ ላይ ሰዓት ይዞ ይለካል። አዲሱ ቀድሞ አለቀ።

«እንዳለ ነው የቀረጽኩት» አለች እማዬ። «ክሩ ላይ ያለውን ነው። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።»

«ታዲያ አሮጌው ነው የተሳሳተው? ሰው ሁሉ አርባ ዓመት የሰማው? ሦስተኛሽ ነው እኮ!» ወደ በሩ ዞረ። «ያን የብረት ቅርጽ አምጡልኝ! አሁኑኑ ይቆረጥ!»

አመጡለት። መቁረጫውን ራሱ አነሳ። እማዬ ሽርጧን መፍታት ጀመረች። በየቀኑ ሳታየው የምትፈታውን ቋጠሮ ጣቷ ሳተው፤ ደግማ ፈለገችው፤ ደግሞ ሳተው።

«ጋሼ በናትህ» አልኩ፣ «ስቀልድ ነው። እኔ ምን አውቃለሁ? ደንቆሮ ነኝ!»

«ዞር በይ ከፊቴ!»

መቁረጫው አፉን ከፍቶ የብረቱን ጠርዝ ነክሷል። የቀረው መጫን ብቻ ነው።

«እሱን ያስቀምጡት» አሉ ሴትዮዋ።

ከዘራቸውን እያንኳኩ ወደ ጥጉ ሄዱ። እዚያ ጋሽ ምላጭ ለሳቸው ክብር ብሎ በዋዜማው ያስቃኘው ፒያኖ አለ። ክዳኑን ከፈቱ።

«አሮጌውን አጫውቺልኝ ልጄ። መጨረሻ ላይ ያለውን ረጅሙን ድምፅ።»

እማዬ ሽርጧ በአንድ ወገን እንደተንጠለጠለ መርፌውን አወረደች። ድምፁ ሲመጣ ሴትዮዋ ያንኑ ድምፅ ፒያኖው ላይ በአንድ ጣት መቱ። ሁለቱ ድምፆች ተናከሱ። በአጥር ላይ እንደሚሰዳደቡ ጎረቤቶች ተነታረኩ። ጥርሴን አሳከከኝ።

«አሁን አዲሱን።»

መቱ። አንድ ሆነ። የትኛው የሸክላው፣ የትኛው የጣታቸው እንደሆነ እኔም፣ በዚህ ጆሮዬ፣ መለየት አቃተኝ።

«ማሽን ሲጎተት ሙዚቃው ይዘገያል፣ ድምፁም ይወፍራል። ሸክላው ያኔ ሲወጣ ሰማሁትና» አሉ ሴትዮዋ፣ «አሳታሚዎቹን ‹ማሽናችሁ ይጎተታል፣ እጄ ጭቃ ውስጥ የሚራመድ ይመስላል› አልኳቸው። ‹ደክሞሽ ነው› አሉኝ። ከዚያ ጋዜጣው ‹ምን ዓይነት እርጋታ!› ብሎ ጻፈልኝ። ይኸው አርባ ዓመት በማሽን ድካም ስመሰገን እኖራለሁ። እኔ እርጋታ የሚባል ነገር የለኝም፤ ባሌን ጠይቁት። ዛሬ ገና የራሴን እጅ ብሰማ ገርሞኝ ዝም አልኩ።»

«ሰዉ ግን አሮጌውን ለምዶታል እኮ» አለ ጋሽ ምላጭ፣ መቁረጫውን ከጀርባው እየደበቀ።

«ይሄንንም ይልመዳ! ይልቅ ስክሪፕቶ ስጡኝ። ቦርሳዬ ውስጥ እየፈለግሁ ነው ይቺ ልጅ የጮኸችብኝ።»

ፈረሙ። ጋሽ ምላጭ ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፉ አልወጣም፤ ቅርጹን ግን እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጁ አቅፎ ወጣ። እማዬ ሽርጧን መልሳ አሰረች። በአንዴ ተቋጠረላት።

ሴትዮዋን እስከ በር ሸኘናቸው። ስንመለስ እማዬ ቀድማኝ ትራመዳለች። እኔ ደግሞ ዝም ማለት አይሆንልኝም።

«አየሽ?» አልኳት። «እኔ ባልናገር ኖሮ ይሄን ሁሉ ማን ያውቅ ነበር?»

«አንቺ ባትናገሪ ኖሮማ» አለች እማዬ፣ «ገና ድሮ ፈርመው፣ እኛም ቤታችን ገብተን እግራችንን ዘርግተን ነበር።»