ሃሊፋክስ የሚጋብዙኝ ሰዎች

አይሊን ደውላ «እማዬ፣ ቅዳሜና እሁድ ሃሊፋክስ እንሂድ፣ እኔና አንቺ ብቻ» ስትለኝ ስልኩን እንደያዝኩ ወንበር ላይ ዘጭ አልኩ። የሌላ አገር እናት ብሆን እልል እል ነበር። የካናዳዋ የኬፕ ብሬተን ደሴት እናት ግን ሃሊፋክስ ስትጋበዝ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች።

የከሰል ጉድጓዱ ከተዘጋ ወዲህ እዚህ የቀረ ሥራ የለም። ወንዶቹም ሴቶቹም ወደ ምዕራብ፣ ወደ አልበርታ ነዳጅ ማውጫዎች ይሄዳሉ። ከመሄዳቸው በፊት እናታቸውን ሃሊፋክስ ወደብ ወስደው፣ ጥሩ ምግብ ቤት አስቀምጠው፣ ዓሣ ያበሏታል። ቤት ውስጥ ቢነግሯት ትጮሃለች፤ ሰው በሞላበት ቦታ ግን ምን ትላለች? ዓሣውን እንደጎረሰች እሺ ትላለች። መጀመሪያ ባሌ ዳንካን እንዲህ አደረገኝ። ቀጥሎ ልጄ ኒል። ዳንካን እዚያው አልበርታ ሞተ። ኒል የገና በዓል ሲደርስ ብቻ ይደውላል።

አሁን ደግሞ አይሊን። ሆስፒታል ነርስ ናት፤ ከእኔ ብዙም ሳትርቅ ተከራይታ ትኖራለች። ባሏ በጸደይ ጥሏት ሄዷል። ስለዚህ መሄዷ አልገረመኝም። ግን ሦስተኛ ጊዜ ተቀምጬ ልሰማ? በፍጹም! በዚያው ሳምንት የአረጋውያን መኖሪያ ሕንጻ ሄጄ ውሰጂው እያሉ ሲያባብሉኝ የነበረውን ክፍል ተቀበልኩ። ቤቴንም ለጎረቤቴ ለሺላ የወንድም ልጅ ሸጥኩት። ፈረምኩ፣ አለቀ።

«ለልጅሽ ሳትነግሪያት?» ብላ ሺላ ጮኸችብኝ።

«እሷስ መቼ ነገረችኝ?» አልኳት።

ሐሳቤ ቀላል ነበር። እሷ «እሄዳለሁ» ስትለኝ እኔ «ሂጂ፣ እኔም ሄጃለሁ» ልላት። በዚህ ዕድሜዬ ሳላለቅስ ምግቤን ልጨርስ።

መንገዱ ረፋዱን ሙሉ ፈጀ። አይሊን መሪውን እንደያዘች ታዛጋለች፤ ከሌሊት ተረኝነት ነው በቀጥታ የመጣችው። «እኔ ልንዳልሽ?» አልኳት።

«አንቺ? ያለ መነጽርሽ?»

«አንቺ እያንቀላፋሽ ከምትነጂው ይሻላል።»

ሳቀች። ፊቷ ከስቷል፣ ከዓይኗ ሥር ጠቁሯል። አንጀቴን በላችው፤ ግን ጨክኜ ነው የመጣሁት።

ሆቴሉ ደረጃው ማለቂያ የለውም። ቦርሳችንን ጥለን ወጣን። አሮጌ ምሽግ ያለበት ኮረብታ ወሰደችኝ፤ ስንደርስ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ የሚተኮሰው መድፍ ጓ! አለ፤ ዘልዬ ክንዷን ያዝኩ።

«ምነው፣ እነዚህ ሰዎች ዛሬም ጠላት አላቸው እንዴ?»

«ሰዓት ነው የሚናገሩት፣ እማዬ።»

«ሰዓትማ እዚያ ታች ተሰቅሏል፣ ያን የሚያህል!»

ከዚያ ወደብ ወረድን። በጀልባ ወዲያ ማዶ ተሻገርን፣ እዚያ ምንም ሳንሠራ ተመለስን። ነፋሱ አጥንት ይበላል። በየወንበሩ ስንቀመጥ አሁን ትናገራለች ብዬ እጠብቃለሁ፤ አፏን ትከፍትና «አልበረደሽም?» ትለኛለች። እግሬ አብጧል። ንገሪኝና ልረፍ፣ እባክሽ፣ እላለሁ በሆዴ።

በመጨረሻ ምግብ ቤት ገባን። ጢም ብሏል። አስተናጋጇ ስትመጣ ሾርባ ብቻ አዘዝኩ።

«ዓሣ ብዪ እንጂ፣ እማዬ፣ ይሄን ሁሉ መንገድ መጥተን!»

«ዓሣ ትቻለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከኒል ጀምሮ።»

አልገባትም። ሹካዋን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። «እማዬ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር፤ እንዳትቆጪ ግን።»

«ሂጂ» አልኳት። «ሂጂ፣ የኔ ልጅ። ስለ እኔ አታስቢ። ቤቱን ለሺላ የወንድም ልጅ ሸጫለሁ፣ የአረጋውያኑ ጋ ክፍል ይዣለሁ። ከወሩ መጨረሻ በኋላ እዚያ ነኝ።»

እንዴት ጥሩ አድርጌ ተናገርኩት! ድምፄ እንኳን አልተንቀጠቀጠም።

አይሊን ዓይኗን ሰክታ አየችኝ። «የት ነው የምሄደው?»

«አልበርታ ነዋ!»

«ማን አልበርታ አለሽ?»

«ታዲያ ሃሊፋክስ ምን ልንሠራ መጣን?»

«ልለምንሽ ነዋ!» አለች። «የላይኛውን ክፍል እንድትሰጪኝ። አንቺ ጋ ልመለስ ነበር። የኪራዩን ቤት ለቅቄያለሁ፣ ዕቃዬ መኪናው የኋላ ሳጥን ውስጥ ነው። አርባ ዓመት ሞልቶኝ እናቴ ጓዳ መመለሴ አሳፈረኝ። ቤት ብነግርሽ ትጮሂብኛለሽ ብዬ ነው እዚህ ያመጣሁሽ።»

ወይ ጉዴ! ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሾርባው መጣ፣ ማንም አልነካውም።

«ደውዪላቸው» አለች እጄን ይዛ። «ተሳስቻለሁ በያቸው። ሺላ አትጨክንብሽም።»

እውነቷን ነው፣ ሺላ አትጨክንም። ስልኬን አወጣሁ። ቁጥሯን አገኘሁት። ጣቴ ግን አልወርድ አለ። ያን ቤት አሰብኩት፤ በረዶ የምጠርግበትን በር፣ የሚያፈሰውን ጣሪያ፣ መኪና ባለፈ ቁጥር ብድግ የምልበትን መስኮት። ስፈርም የተሰማኝንም አስታወስኩ። ንዴት መስሎኝ ነበር። ለካ እፎይታ ነው።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። «አልደውልም፣ አይሊን።»

«ለምን?»

«ደክሞኛል።»

«እኔ እኮ ልረዳሽ ነው የምመጣው!»

«አውቃለሁ። አንቺም ደክሞሻል። እኔ አንቺን ደግፌ ማቆም አልችልም፣ የኔ ልጅ፤ አቅሙ የለኝም።»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «ታዲያ የኔ ቤት የት ነው?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«አላውቅም። እስከ ነገ ግን ሆቴሉ አለን። ተነሺ፣ ትንሽ ተኚ።»

ክንድ ለክንድ ተያይዘን ያን ደረጃ ወጣን። ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። ጫማዋን አወለቅኩላት፣ ብርድ ልብሱን ደረብኩላት፤ ወዲያው እንቅልፍ ይዟት ጭልጥ አለ። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አየኋት። ከልጆቼ ልመለስ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት፤ በሩን የዘጋሁባትም እኔው ነኝ። ደግማችሁ ፈርሚ ብትሉኝ አሁንም እፈርማለሁ። እንዲህ ዓይነት እናት መሆኔን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።