ታላቅ ያጣ ዳቦ

በዓሉ የዋለው ማክሰኞ ነበር። ማክሰኞ ግን ሥራ ስላለ ማኅበሩ ወደ እሁድ አዛወረው፤ በሰው አገር ቅዱሳንም ፈረቃ ይገባሉ።

ከመኪና ጋራዡ በላይ ያለው የኪራይ አዳራሽ ከጠዋት ጀምሮ ሽር ጉድ ሲባልበት አረፈደ። ቄጠማ ስላልተገኘ የማኅበሩ ሊቀመንበር ኳስ ሜዳ ላይ የሚነጠፈውን የፕላስቲክ ሣር አስቆርጦ ወለሉን አለበሰው። “ይሄ አይጠወልግ፣ አይጠረግ! ለከርሞም ይሆነናል” እያለ በፈጠራው ተኩራራ። ሰዉ በነጭ የአገር ልብሱ ላይ ወፍራም ጃኬት ደርቦ ተቀምጧል። ፎቶ ሲነሳ ብቻ ጃኬቱን ያወልቃል፤ ፎቶው አገር ቤት ለሚላክላቸው ዘመዶች ብርድ የሚባል ነገር የለም።

ሾፌሩ ግን ለሣሩም ለፎቶውም ልብ አልነበረውም። የከተማ አውቶቡስ ነው የሚነዳው። ያን ቀን ዓይኑ የተተከለው በፀጉር ሠሪዋ ላይ ነበር። ባሏ ከሞተ የቆየ፣ አምሳ ሁለት ዓመቷን የሽንኩርት ዋጋ የምትናገር ይመስል ሳታፍር የምትናገር ሴት ናት። “እንጋባ” ቢላት “መልሴን በበዓሉ ቀን ትሰማለህ” ብላዋለች። እሱም ሱፉን አስተኩሶ፣ ሽበቱን እቤቱ ቀለም ቀብቶ መጥቷል።

ዕድሜውን አርባ ስድስት ብሏታል። እውነተኛው አምሳ ስምንት ነው። ወደዚህ አገር ሲገባ፣ ሽማግሌ ማን ይቀጥራል ብሎ አሥራ ሁለቱን ዓመት ሸርፎ ነበር ያስመዘገበው። እየቆየ ወረቀቱን ራሱም አመነው። በዚያ አዳራሽ ካሉት ወንዶች ደግሞ ያልሸረፈ አልነበረም፤ ከገዛ ልጁ ጋር እኩያ ለመሆን ጥቂት የቀረውም ነበር።

ምሳው ሊበላ ሲል ትልቁ ዳቦ መጣና ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ዳቦ ደግሞ ታላቅ ሳይባርከው አይቆረስም። እስከ አምና ይህን ያደርጉ የነበሩት አዛውንት ልጃቸው ዘንድ ወደ ሌላ ከተማ ሄደዋል።

“በሉ እንግዲህ፣ ታላቃችን ይባርክልን” አለና ሊቀመንበሩ ቢላዋውን ለጥበቃው ዘረጋለት። ጥበቃው የአንድ ትልቅ ሱቅ ዘበኛ ነው።

“እኔን ነው? ኧረ ተው ሊቀመንበር፣ እኔ ገና አርባ ሰባቴ ነው። አንተ እያለህ?”

“እኔ መሪ ነኝ እንጂ ታላቅ አይደለሁም። አመራራችን ወጣት ነው።”

“ደረጃ ስንወጣ ግን ጉልበትህ ሌላ ሲናገር ሰማሁት።”

“እሱ ብርዱ ነው።”

ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ቢላዋው እንደ ፍም ከእጅ ወደ እጅ እየተወረወረ ሾፌሩ ጋ ደረሰ። ጥበቃው አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። ሁለቱ አንድ ክፍል፣ አንድ ወንበር ላይ ነው የተማሩት። ሾፌሩ አፍጥጦ ሲያየው ግን፣ የጓደኛን ዕድሜ መናገር የራስን መናገር መሆኑ ገባውና አፉን መልሶ ዘጋው።

“አንተስ?” አለች ፀጉር ሠሪዋ። “ለዳቦው አትደርስም?”

ድምፅዋ ለስላሳ ነበር፤ የምትለምነው ይመስል ነበር። ሾፌሩ አባቱ ትዝ አሉት። እሳቸው ዳቦ ሲባርኩ ቤቱ ጸጥ ይል ነበር፤ ሕፃን እንኳ አያለቅስም። ያን ክብር ለአንድ ደቂቃ ተመኘው። ወዲያው ግን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ቀጣፊ መባል ታየው።

“እኔማ አርባ ስድስቴ ነው” አለ። “ታውቂው የለ።”

“እሺ።” ተነስታ ነጠላዋን አጣፋችና ቢላዋውን ከእጁ ወሰደች። “እንግዲያው የዚህ ቤት ታላቅ እኔ ነኝ።”

“ወንድ ባለበት ሴት ስትባርክ...” ብሎ ጀመረ ሊቀመንበሩ።

“የሚበልጠኝ ካለ ይምጣ፤ እለቅለታለሁ።”

የሚበልጣት ጠፋ።

“ልጆቼ” አለች እጇን ዘርግታ፣ “እደጉ፣ ተመንደጉ። ከክፉ ይሰውራችሁ። ለወግ ለማዕረግ ያብቃችሁ።”

“አሜን” አሉ ራሰ በራዎቹ። ከመካከላቸው የልጅ ልጅ ያዩም ነበሩበት።

ዳቦው ተቆረሰ። ፀጉር ሠሪዋ ሳህኑን ለሾፌሩ ሰጠችው። “በል፣ ታናሽ አንተ ነህ። አድል።”

እሱም ሳህኑን እንደያዘ ጠጋ ብሎ፣ “መልሴስ?” አላት በሹክሹክታ።

“እኔ የፈለግኩት አብሮኝ የሚያረጅ ሰው ነው። አንተ ገና ልጅ ነህ።”

“ኧረ አይደለሁም” አለ፣ ግራ ቀኙን አይቶ። “አምሳ ስምንቴ ነው።”

ቀና ብላ አየችው። አልተቆጣችም፤ እሱንም ያሳዘነው ይኸው ነው።

“ዳቦው ሳይቆረስ ጮክ ብለህ ብትለው ኖሮ ቢላዋውን እኔው ነበርኩ የማቀብልህ። አሁንማ ሰው እንዳይሰማብህ ነው የምትነግረኝ። ሂድ፣ ሰዉ እየጠበቀ ነው።”

ሾፌሩ አጎንብሶ ማደል ጀመረ። ጥበቃው ጋ ሲደርስ፣ የአንድ ወንበር ጓደኛው ሳይቸኩል ትልቁን ቁራሽ መርጦ አነሳ።

“እደግ” አለው።