ጋሽ ነጎድጓድ ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉበት ዓመት

ሰፈሩም ሆነ የፊልሙ ዓለም የሚያውቃቸው ጋሽ ነጎድጓድ በሚል ስም ነው። ስሙን ያወጣላቸው አንድ የድምፅ ባለሙያ ሲሆን፣ ያኔ ገና ወጣት ሳሉ "ያዙት!" ብለው ሲያንባርቁ ማዳመጫውን ከጆሮው ነቅሎ ከክፍሉ በሮጠ ጊዜ ነበር። ከዚያ ወዲህ በአርባ ዓመት ውስጥ ሃምሳ ሁለት ፊልም ሠሩ፤ በሃምሳ ሁለቱም ጮሁ። በፍቅር ጮሁ፣ በጠብ ጮሁ፤ በአንደኛውማ በጥይት ተመትተው ከወደቁ በኋላ ሞት ራሱ እስኪሰለቸው ድረስ ጮሁ። ተመልካች ይወዳቸዋል። ሽልማት ግን አንድም ቀን በራቸውን አንኳኩቶ አያውቅም።

ባለቤታቸው ጡረታ የወጡ የሂሳብ አስተማሪ ናቸው፤ ለባላቸውም ቢሆን ነጥብ አይለግሱም። ከየፊልሙ በኋላ ጋሽ ነጎድጓድ "እንዴት ነበርኩ?" ብለው ሲጠይቋቸው "ይሰማል" ብቻ ብለው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

ጋሽ ነጎድጓድ ስድሳ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላቸው፣ የቀሯቸው የላይ ጥርሶች ተራ በተራ ተሰናበቷቸው። አንድ ወጣት የጥርስ ሐኪም ተነቃይ ጥርስ ሠራላቸው። ነጭ፣ ድርድር ያለ፣ ሲያዩት ደስ የሚል ጥርስ ነው፤ ችግሩ ላላ ማለቱ ነበር። ሐኪሙም አልደበቃቸውም። ድድዎ እስኪረጋ ሦስት ሳምንት ይታገሡኝ፣ ከዚያ ልክ አስገባዋለሁ፣ እስከዚያው ግን አፍዎን በሰፊው እንዳይከፍቱ አላቸው።

ቀረጻ ደግሞ በአራተኛው ቀን ነበራቸው።

ዳይሬክተሯ ገና ሁለተኛ ፊልሟን የምትሠራ ልጅ ናት። ለጋሽ ነጎድጓድ የሰጠቻቸው ትንሽ ቦታ ነው፤ ሴት ልጁ ሳትነግረው ያገባችበት አባት። ድርሰቱ ላይ "አባት ያንባርቃል" ይላል፤ እሳቸውን የመረጠችውም ለዚሁ ነው። ጋሽ ነጎድጓድ የጥርሱን ነገር ሊነግሯት አስበው ነበር። ግን አርባ ዓመት ሙሉ በመልከ መልካምነት የኖረ ሰው፣ በልጁ ዕድሜ ካለች ሴት ፊት "ጥርሴ ሰው ሠራሽ ነው" ለማለት ምላሱ አይታዘዝለትም። ሳይነግሯት ወደ ቀረጻው ገቡ።

ካሜራው መሥራት ጀመረ። ልጃቸውን ሆና የምትጫወተው ተዋናይት በሩን ከፍታ ገባች። ጋሽ ነጎድጓድ እንደ ልማዳቸው ደረታቸውን በአየር ሞልተው አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ፣ የላይኛው ጥርስ ሸርተት አለ። በምላሳቸው ደግፈው ያዙት። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ፤ ዓይናቸው በጭንቀት እንባ አቀረረ። ከዚያ ከንፈራቸውን ሳያላቅቁ፣ ከሆዳቸው በወጣ ቀጭን ድምፅ፣ "ከቤቴ ውጪ" አሉ።

ተዋናይቷ ልትመልሰው የሚገባት ሁለት አረፍተ ነገር ነበር። ጠፋባት፤ የምሯን አለቀሰች። መብራት የያዘው ሰውዬ እንኳ አፍንጫውን በክንዱ ሲጠርግ ታየ። ዳይሬክተሯ መጥታ እጃቸውን ያዘች።

"ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ዓመት የት ደብቀውት ነበር?"

ጋሽ ነጎድጓድ መናገር ስለማይችሉ አንገታቸውን ደፉ። ይህም ትሕትና ተብሎ ተወራላቸው።

ፊልሙ ሲወጣ አንድ ጋዜጣ "በተቆለፈ ከንፈር ውስጥ የታፈነ የአባት ቁጣ" ብሎ ግማሽ ገጽ ጻፈላቸው። ጋሽ ነጎድጓድ ልባቸው ቅቤ ጠጣ። ጋዜጣውን ለባለቤታቸው ዘርግተው፣ እንዴት ነበርኩ ብለው ጠየቁ።

"ጥርስህ ላልቷል" አሏቸው ባለቤታቸው።

ሌላው ያወቀባቸው ሐኪሙ ነበር። ምስኪኑ ሰው ቅዳሜ ከሰዓት ሲኒማ ገብቶ፣ አዳራሹ በሙሉ ከንፈሩን ሲመጥ፣ እሱ ግን ያን በሚያህል ሸራ ላይ የገዛ ሥራው ወዲያ ወዲህ ሲንቀሳቀስ እያየ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። በማግስቱ ደወለላቸው፤ ስልኩን አላነሡም። የሦስት ሳምንቱ ቀጠሮ ካለፈ ወራት ቢቆጠሩም ብቅ ስላላሉ፣ ቤታቸው ድረስ መጣ። ሳሎን ቁጭ ብሎ፣ ጋሼ እባክዎ ይምጡና ላስተካክለው፣ ሰው አይቶ ማን ሠራው ቢል ምን ይውጠኛል ብሎ ለመናቸው።

"ልጄ" አሉት ጋሽ ነጎድጓድ፣ "አርባ ዓመት ጥርሴ ደህና ነበር። ምን አተረፍኩ?"

ሐኪሙ ሻዩን እንኳ ሳይጨርስ ሄደ።

በዓመቱ ዳይሬክተሯ ዋናውን ቦታ ሰጠቻቸው። ሚስቱ የሞተችበት ጡረተኛ የባቡር ጣቢያ ኃላፊ ሆነው ነው የሚጫወቱት። በአንዱ ትዕይንት ሰውዬው ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ቁርስ ይበላል፤ ከፊቱ የሚስቱ ባዶ ወንበር አለ። ዳቦውን ይገምጣል፣ ወንበሩን ያያል፣ "እየበላሁ ነው፣ አታስቢ" ይላል። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም።

የቀረጻ ዕቃ አቅራቢው ግን ትኩስ ዳቦ መግዛት ረስቶ የትናንቱን አምጥቶ ነበር። ጋሽ ነጎድጓድ ገመጡ፤ ዳቦው አልለቀቀም፤ ሳብ አደረጉት። ዳቦው ሲወጣ ጥርሱም አብሮ ወጣ። ሃያ ሰው ቆሞ እያየ፣ ጥርሱ ዳቦው ላይ እንደተሰካ ሳህኑ ውስጥ ተቀመጠ።

ምድር ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። "ቁረጡ" የሚል ድምፅ ጠበቁ፤ ዳይሬክተሯ ደንዝዛ ቀርታለች፣ ትንፍሽ አላለችም። የአርባ ዓመት ሥራ ግን አንድ ነገር አስተምሯቸዋል፤ ቁረጡ ካልተባለ አይቆምም። አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። ያፈረ ዓይናቸውን ቀስ ብለው ወደ ባዶው ወንበር አነሡና፣ በጣቶቻቸው መሀል በሚያፏጭ ድምፅ፣ "እየበላሁ ነው፣ አታስቢ" አሉ።

ከዚያ ተነሥተው ልብስ መቀየሪያ ክፍል ገቡና ከውስጥ ቆለፉ።

ዳይሬክተሯ በሩ ላይ ቆማ ብዙ ለመነች። እሳቸው ደግሞ ያ ቀረጻ ዛሬውኑ ካልተሰረዘ ከዚህ አልወጣም አሉ። በመጨረሻ ወሳኙ እርስዎ ነዎት፣ ይሰረዝ ካሉ ይሰረዛል አለቻቸውና ባለቤታቸውን አስጠራች። ባለቤታቸው መነጽራቸውን አድርገው ትንሿ ስክሪን ላይ ሁለት ጊዜ አዩት። ከዚያ ወንበር ጎትተው በሩ ሥር ተቀመጡ።

"ስማ፣ ይሄ ሰውዬ እኛ ቤት ያለው ሰውዬ ነው" አሉ። "ፊልም ላይ አይቼው አላውቅም ነበር።"

"ሰው ይስቅብኛል።" ድምፃቸው ያለ ጥርስ የሕፃን ይመስል ነበር።

"ይስቅብሃል። እኔም ስቄያለሁ። ከዚያ ግን ወንበሩን ስታይ ሆዴ ባሰኝ።" ባለቤታቸው መነጽራቸውን አወለቁ። "ከሞትኩ እንደዚያ ነው የምታደርገው?"

ከውስጥ ቁልፉ ዞረ።

"ዳቦውንስ ሾርባ ውስጥ ነክሬ ነው የምበላው" አሉ ጋሽ ነጎድጓድ ብቅ ብለው።

ትዕይንቱ አልተሰረዘም። ሲኒማ ቤት ሲታይ፣ ባለቤታቸው እንዳሉት ሰው መጀመሪያ ጥርሱን መክደን አቃተው፤ ቀጥሎ ድንገት ጸጥ አለ፤ ያን ጸጥታ ያዳመጠ ሁሉ እስከ ዛሬ ያወራዋል። የዓመቱ ምርጥ ተዋናይ ተባሉ። ያው ጋዜጣ ምርጥ ሥራዎቻቸውን ሲዘረዝር ሁለቱን ብቻ ጠቅሶ፣ የቀሩትን ሃምሳ ሁለት "ቀደምት ልምምዶች" ብሎ አለፋቸው። ትንሽ ከፋቸው፤ ግን ጋዜጣውን አልቀደዱትም።

ሐኪሙም በመጨረሻ ተፈቅዶለት ጥርሱን ልክ አስገባው። ጋሽ ነጎድጓድ ከዳይሬክተሯ ጋር ሦስተኛውን ፊልም ሲጀምሩ ፈርተው ነበር፤ አፋቸው እንደ ልቡ ሲከፈት የድሮው ጩኸት እንዳያመልጣቸው። አንድ ጊዜ አመለጣቸው፤ ድምፅ ባለሙያው ዘለለ። ሁለተኛ ሲሞክሩት ዝቅ አደረጉት። ለካስ ጥርሱ ሳይላላም ይቻል ኖሯል።

ከዚያ በኋላ አንድ የትወና ትምህርት ቤት ጋበዛቸው። አርባ ተማሪ ወለል ላይ ተቀምጦ፣ ያ ጥልቀት ከየት መጣ ብሎ ጠየቃቸው። ጋሽ ነጎድጓድ ሳይደብቁ፣ ከሐኪሙ አንሥተው እስከ ዳቦው ድረስ ነገሯቸው። ተማሪዎቹ በጣም ተመስጠው ያዳምጡ ነበር። ሲጨርሱ ከፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ ማስታወሻዋን እያየች እጇን አወጣች።

"ጋሼ፣ ጥርሱ የሚወክለው ምንድን ነው?"

"ጥርስን ነዋ፣ ልጄ።"

ልጅቷ ራሷን በአድናቆት ነቀነቀችና ጻፈችው።